ሌባ በፓራሹት አይወርድም

«ሰው ብርሃን ፍለጋ አሜሪካ ይመጣል፤ አንተ እዚህ ድረስ መጥተህ ጨለማ ትፈልጋለህ?» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን።

«ብርሃኑማ ሞልቶልሃል። እስቲ በእሱ ስንት ኮከብ አየህ?» አልኩት።

ቤቱ ሳቀ፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ከዋሽንግተን ዳር ካለ ሰፈር፣ ከቤቴ ጓሮ ሆኜ ጥቁር ኔቡላ፣ ማለትም በከዋክብት መሃል ያለ ጥቁር ደመና፣ ፎቶ አነሳለሁ። ይህን የሰማ ሁሉ አንድ ተረብ ሳይወረውር አያልፍም። ተረብ ደግሞ ካልመለሱት ዕዳ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ልክፈል።

ከሁሉ በፊት የእትዬ ይቅደም። ፎቶውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ልጄ፣ መሃሉ ላይ ተበላሽቶብሃል። ዙሪያውን ኮከብ ሞልቶ እዚህ ጋ ባዶ ነው።»

«ባዶ አይደለም፣ እትዬ። ከፎቶው ሁሉ የሞላው ቦታ እሱ ነው።»

«አንድ ኮከብ እንኳ የለበት!»

«ኮከቦቹ ከኋላው አሉ። አቧራ ጋርዷቸው ነው።»

«አቧራ? አቧራ ፍለጋ ነው ሌሊቱን ውጭ የምታድር? ቤቱ ሙሉ አቧራ አለልህ!»

«የቤቱ አቧራ ፀሐይ አይወልድም፣ እትዬ።»

ዝም አሉ። ዝም ያሉት ተረትተው አልነበረም፤ ሊሰሙኝ ነው። እኔም ነገርኳቸው። ያ ጥቁር ነገር አብዛኛው ሃይድሮጂን ጋዝ ነው፤ አቧራው በክብደት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ግን ያቺ አንድ እጅ ትበቃለች። የከዋክብቱን ብርሃን ከውጭ ታስቀረዋለች፤ ብርሃን ያልገባው ደመና ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 263 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። ጋዝ ሲሞቅ ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ አቅም ያጣል። አቅም ያጣው ጋዝ በገዛ ክብደቱ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ይጠብቃል፣ በስተመጨረሻም መሃሉ ላይ ኮከብ ይለኮሳል። ጨለማው ባይኖር ቅዝቃዜው የለም፤ ቅዝቃዜው ባይኖር ኮከቡ የለም። እኛም የምንሞቃት ፀሐይ አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ጥቁር ደመና ውስጥ ነበረች።

«እርጉዝ ናት በለኛ!» አሉ እትዬ።

«አዎ።»

«እንግዲያው አስተካክለህ አንሣት።»

እትዬ ባዶ ነው በማለታቸው አልፈርድም። ከእንግሊዝ የሚታየውን ሰማይ በትልልቅ ቴሌስኮፕ ያሰሰው ዊልያም ኸርሽልም በ18ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህን ቦታዎች ሲያይ ሰማዩ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ መስለውት ነበር። ከእሱ በኋላም ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ብዙ ሰው ቀዳዳ እያለ ኖረ። ነገሩን የለወጠው ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ባርናርድ ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ባርናርድ በ1857 ናሽቪል፣ ቴነሲ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ እሱ ሳይወለድ ሞተዋል፤ እናቱ በድህነት አሳደጉት፤ በልጅነቱ ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ወር ያህል ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ፎቶ ቤት ተቀጠረ። ሥራው ምን መሰላችሁ? ፎቶ የሚያሳድገው ትልቁ መሣሪያ የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ነበርና፣ ፀሐይ በሄደች ቁጥር መሣሪያውን በእጁ እያዞረ መከተል። ዛሬ እኔ ኮከብ ለመከተል በሞተር የማሠራውን ሥራ ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ በእጁ ሲሠራ ዋለ። አድጎ የጁፒተርን አምስተኛ ጨረቃ በ1892 ያገኘው፣ ጅራታም ኮከብ እየለቀመ ስሙን ያስጠራው እሱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ፍኖተ ሐሊብን ፎቶ ሲያነሳ ኖረ። እሱም ቢሆን ጥቁሮቹን ቦታዎች ቀዳዳ አይደሉም ለማለት ዓመታት ፈጅቶበታል። በ1913 አንድ ሌሊት ፎቶ እያነሳ ሳለ ትንንሽ የምድራችን ደመናዎች በፍኖተ ሐሊብ ፊት ሲያልፉ አየ፤ ከኋላቸው ብርሃን ስላለ የቀለም ጠብታ መስለው ጠቁረው ነበር። በ1919 የ182 ጥቁር ቦታዎችን ዝርዝር አሳተመ። በ1923 ሞተ፤ የፍኖተ ሐሊብ አትላሱን በሚስቱ በኩል ዘመዱ የሆነችው ሜሪ ካልቨርት ከያርክስ ኦብዘርቫቶሪ ኃላፊ ከኤድዊን ፍሮስት ጋር ሆና በ1927 አወጣችው። በልጅነቱ ሁለት ወር ብቻ የተማረ ሰው በስሙ የሚጠሩ ጨለማዎችን ትቶ ሄደ፤ ባርናርድ 33፣ ባርናርድ 68፣ ባርናርድ 142። ከሞቱ በኋላ በ1930 ሮበርት ትራምፕለር በከዋክብት መሃል በእርግጥ ብርሃን የሚጋርድ ነገር እንዳለ በልኬት አረጋገጠ።

አሁን ወደ ጋሽ እንሂድ። ጋሽ ጎረቤቴ ናቸው። ከጓሯቸው ግንብ ላይ የተተከለው መብራት ለኳስ ሜዳ ይበቃል።

«ጋሽ፣ እባክዎ መብራቱን ቀነስ ቢያደርጉልኝ?»

«ሌባ ቢመጣ ማን ይጠየቃል?»

«ጋሽ፣ መብራትዎ የሚያየው ወደ ሰማይ ነው። ሌባ ደግሞ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ በፓራሹት አይወርድም።»

ጋሽ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን አብረን ወጥተን ከመብራቱ ሥር ቆምን። ዐይናቸውን አጥብበው አጥሩን ለማየት ሞከሩ፤ አልቻሉም። መብራቱ ዐይናቸው ውስጥ ገብቶ ከአጥሩ ሥር ያለውን ጥላ ጭራሽ አጥቁሮታል። ያን ጊዜ ገባቸው። አሁን መብራቱ ወደ መሬት ተደፍቷል፣ ኮፍያ አለው፣ አምፖሉ ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፣ የሚበራው ሰው ወይም ድመት ሲያልፍ ነው። «ሌባው ደንግጦ እንዲሮጥ ድንገት መብራቱ ይሻላል» እያሉ አሁን ለሌላው ጎረቤት የሚሰብኩት እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ካሜራ አዋቂ ወዳጄ ጣልቃ ይገባል። «ከጎረቤት ጋር ምን ያጨቃጭቅሃል? ባለ ሁለት ባንድ ፊልተር ግዛና ከተማ መሃል ቁጭ ብለህ አንሳ!»

«የሚያበራ ኔቡላ ቢሆን እውነትህን ነው። የእኔ ግን አያበራም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ልዩነቱማ ሁሉ ነገር ነው። ያ ፊልተር የሃይድሮጂንን ቀይ ብርሃን በ656 ናኖሜትር፣ የኦክስጅንን በ501 ናኖሜትር ገደማ አሳልፎ የቀረውን ይዘጋል። የሚያበራ ጋዝ የሚያበራው በእነዚያ ቀለሞች ስለሆነ ከተማ ውስጥ እንኳ ይወጣል። ጥቁር ደመና ግን የራሱ ብርሃን የለውም፤ ዳር ዳሩ ላይ የምናየው ፈዛዛ ቡናማ ከከዋክብት የተዋሰው ነው፤ የከዋክብት ብርሃን ደግሞ ሁሉም ቀለም አለበት። ፊልተሩን ብታደርግ የመንገዱን መብራት ስትዘጋ የደመናውንም ትዘጋለህ። ድሮ ሰፈሩ ሁሉ በብርቱካናማው የሶዲየም መብራት ሳለ፣ አብዛኛው ብርሃኑ 589 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ እሷን መርጦ የሚያስቀር ፊልተር ነበር። ነጩ ኤልኢዲ ሲመጣ መብራቱም በሁሉም ቀለም ተሰራጨ፤ መርጠህ የምታስቀረው ነገር ጠፋ።

ስለዚህ ከሰፈር ለሚያነሳ ሰው ዋናው ጥያቄ ደመናው ከምን ፊት ቆሟል የሚለው ነው። የፈረስ ራስ የሚባለው ባርናርድ 33 ከቀይ ሃይድሮጂን ፊት ስለቆመ ፊልተሩ ከኋላው ያለውን መጋረጃ ያደምቅለታል፤ ጥቁሩ ቅርጽ ከመብራት መሃል ወጥቶ ይታያል። ጀማሪ ከእሱ ይጀምር እላለሁ። (ይህን ቅርጽ በ1888 በሃርቫርድ የፎቶ መስታወት ላይ ያየችው ዊልያሚና ፍሌሚንግ ናት፤ ከስኮትላንድ የመጣች ስደተኛ፣ መጀመሪያ የኦብዘርቫቶሪው ኃላፊ ቤት ሠራተኛ የነበረች። እዚህ አገር ሌሊት ሠርተው ቀን ለሚማሩ እህቶቼ ስሟን ደጋግሜ እነግራለሁ።) ቀጥሎ ከጥቅጥቅ ኮከብ ፊት የቆሙት አሉ፤ በንስር ኅብረ ኮከብ ውስጥ ባርናርድ 142 እና 143 አንድ ላይ ሆነው የላቲኑን «ኢ» ፊደል ይሠራሉ። ኮከቦቹ ብዙ ስለሆኑ የጎደሉበት ቦታ በግልጽ ይታያል። እጅግ የሚያስቸግሩት ደግሞ ኮከብ ከሳሳበት ሰማይ ላይ የተንሳፈፉት ናቸው፤ በሴፊየስ ያለው፣ ሻርክ የሚመስለው ሊንድስ 1235 እንደዚያ ነው። በቨርሊ ሊንድስ በ1962 ባወጣችው ዝርዝር ውስጥ 1,802 ጥቁር ደመና አለ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ከሰፈር ሰማይ ይልቅ የፈዘዙ ናቸው። ልብ በሉ፤ ከሰማዩ የፈዘዙ ናቸው እንጂ የሉም አላልኩም።

«ታዲያ የፈዘዘውን እንዴት ታወጣዋለህ?» ይለኛል ያው አዋቂ።

«በሰዓት።»

«ስንት ሰዓት?»

«የእኔ ሰፈር ሰማይ ከጥሩ ጨለማ ሰማይ በ3 ማግኒቲዩድ ይደምቃል፤ ይህ 16 እጥፍ ያህል ነው። እዚያ አንድ ሰዓት የሚበቃው እዚህ 16 ይጠይቃል።»

«አብደሃል!»

«ጓሮዬ ውስጥ ነኝ። የት እቸኩላለሁ?»

«ስፕሩስ ኖብ ሄደህ በአንድ ሌሊት አትገላገልም?»

ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የስፕሩስ ኖብ ሰማይ ድንቅ ነው፤ እሱን አልክድም፤ መኪና ያለው፣ ሥራው ፈቃድ የሚሰጠው ይሂድ። ነገር ግን ጨረቃ የሌለችበት፣ ደመና የሌለበት፣ ሥራ የሌለበት ቅዳሜ ባንድ ላይ የሚገጥመው በዓመት ስንቴ ነው? የሰው ኑሮ ፈረቃ ነው፣ ልጅ ነው፣ ሁለተኛ ሥራ ነው። የጨለማ ሰማይ ጉዞ የሚጠብቅ ሰው ካሜራው ከረጢት ውስጥ ያረጃል። ጓሮ ግን ማክሰኞም ሐሙስም አለ፤ ዛሬ ሁለት ሰዓት፣ ነገ ሦስት ሰዓት እየተባለ ይጠራቀማል። ሰዓቱ አራት እጥፍ ሲሆን ምስሉ ሁለት እጥፍ ይጠራል፤ ይህ ሕግ ለሀብታምም ለድሃም አንድ ነው።

ሥራው ራሱ ቀላል አይደለም፤ ላሳያችሁ። 135 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 2 ከፍቼ አንድ ደቂቃ የቆየውን ፎቶ ብትከፍቱት ግራጫ ወደ ቡናማ የሚሄድ ሰሌዳና ጥቂት ኮከብ ብቻ ነው የሚታየው። በዚያ ላይ ከገበያ ማዕከሉ በኩል ያለው ጥግ ይቀላል። ኔቡላ የለም ትላላችሁ። ሁለት መቶውን እንዲህ ያለ ፎቶ ኮከብ በኮከብ ላይ አስተካክሎ ሲሪል በሚባለው ነጻ ፕሮግራም መደራረብ፣ አማካዩን መውሰድ፣ ከዚያ የሰማዩን ድምቀት ቀንሶ ልዩነቱን መለጠጥ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ ብልሽት የሚመስል ጠቆር ያለ ነገር ብቅ ይላል። ብልሽትም ሊሆን ይችላል!

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። አዋቂው ወዳጄም ሹል ተረቡን የወረወረው እዚሁ ላይ ነው፦ «አቧራው የሰማይ ይሁን የካሜራህ በምን ታውቃለህ?»

«ሁለቱንም ፎቶ አነሳቸዋለሁ።»

ቀልድ አይደለም። ጥቁር ኔቡላ የሚያነሳ ሰው ትልቁ ጠላቱ የገዛ ካሜራው አቧራ ነው፤ ሴንሰሩ ላይ ያረፈች ቅንጣት ክብ ጥቁር ጥላ ትጥላለች፣ የሌንሱ ጠርዝም ይጠቁራል፤ ምስሉ ሲለጠጥ ሁለቱም ኔቡላ ይመስላሉ። ስለዚህ ሌሊቱ ሲያልቅ፣ ፎከሱን ሳልነካ፣ ካሜራውን ሳላዞር፣ ሌንሱ ላይ ንጹሕ ነጭ ቲሸርት ወጥሬ፣ ከላይ የታብሌቱን ነጭ ስክሪን አድርጌ አነሳለሁ። እዚያ ላይ ሰማይ የለም፤ የሚታየው የመሣሪያዬ ጉድለት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፎቶ በእሱ ያካፍለዋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥቁር የሰማይ ነው። የከተማውን ብርሃን የሚጠርገው መሣሪያም አደገኛ ነው፤ ሰፊውን ደመና የከተማ ብርሃን መስሎት አብሮ ይጠርገዋል፣ ወይም በሌለበት ይፈጥራል። እኔ የማምነው የባርናርድን አትላስ አጠገቤ ከፍቼ ጠርዝ ከጠርዝ ሳመሳክር ነው። እሱ ያላየው ጠርዝ እኔ ፎቶ ላይ ካለ የማስቀምጠው ሌላ ሌሊት፣ ካሜራውን አዙሬ ሳነሳም ከወጣ ብቻ ነው። ቆንጆ ለመምሰል ጥቁር ቀለም በብሩሽ የሚጨምሩ አሉ። ሰማዩ ላይ የሌለ ደመና መቀባት ውሸት ነው፤ ሌላ ስም ሊወጣለት አይገባም።

ወጣቶቹም አይምሩኝም። «ሀብልና ዌብ የሚባሉት የጠፈር ቴሌስኮፖች ካነሱት በኋላ አንተ ምን ቀረህ?» ይላሉ።

«ስፋቱ ቀረኝ!»

ሀብል በ2013 የፈረስ ራሱን በኢንፍራሬድ አንስቷል፤ ዌብ በ2024 የጋማውን ጫፍ ብቻ አቅርቦ አሳይቷል፤ ሁለቱም ያስደንቃሉ። ግን ዌብ በአንድ ጊዜ የሚያየው የሰማይ ክፍል ከሙሉ ጨረቃ ገጽ በብዙ ያነሰ ነው። በታውረስ ኅብረ ኮከብ ያለው ጥቁር ደመና ደግሞ የተዘረጋው በብዙ ዲግሪ ነው። ያ 135 ሚሊሜትር ሌንስ በሙሉ ፍሬም ካሜራ 15 በ10 ዲግሪ ያህል ያያል፤ ወርዱ ላይ 30 ሙሉ ጨረቃ ይደረደራል። ለዚያ ደመና ትክክለኛው መሣሪያ ጓሮዬ ውስጥ ያለው ነው።

«እንግዲያው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ደቂቃ ይሥራልህ!»

«ሥዕል ይሠራልኛል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል ዙፋን ላይ ሳሉ የተነሳ ብርሃን ግን ከየት ያመጣልኛል?»

የታውረስ ደመና 450 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ዛሬ ሴንሰሬ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከዚያ አቧራ ላይ ነጥሮ የተነሳው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መንገዱን ሁሉ ተጉዞ መጥቶ የመጨረሻዋ ጥቂት መቶ ሜትር ላይ በማስታወቂያ ሰሌዳ ሲዋጥ ያንገበግበኛል። እዚያው ደመና ውስጥ ኤችኤል ታውሪ የምትባል ልጅ ኮከብ አለች፤ ቺሊ ያለው አልማ ቴሌስኮፕ በ2014 ዙሪያዋን በቀለበት የተከፋፈለ የአቧራ ሳህን አሳይቷል። ፕላኔቶች የሚሠሩት እንደዚያ ባለ ሳህን ውስጥ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ተረቡን ትተው ካሜራው ጋ መጡ።

የመጨረሻው ዕዳ የወንድሜ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከአያት ሰፈር ደወለ።

«መብራት ሄዶብን ተቀምጠናል፤ አንተ ደግሞ እዚያ መብራት በዛብኝ ትላለህ አሉ።»

«ውጣና ቀና በል።»

«ምን አለ?»

«አንተ ያለህ ሰማይ እኔ የለኝም። ከአንታሬስ ኮከብ አጠገብ ያለው ደመና እኔ ጋ ወደ 27 ዲግሪ ነው ከፍ የሚለው፣ ከዛፉ በላይ ለማየት እንኳ እቸገራለሁ። አንተ ጋ 57 ይደርሳል። ኦሪዮንንም የደቡብ መስቀልንም ከአንድ ጓሮ ታያለህ።»

«ክረምቱስ?»

«ክረምት ሳይገባ፣ አሁን በግንቦት ውጣ። ያ የከሰል ከረጢት የሚባለው ጥቁር ደመና እኔ ጓሮ ጨርሶ አይወጣም። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የኢሙ ወፍ ራስ ይሉታል፤ ከአንዲስ ተራራ ሰዎችም ጨለማውን እንደ ኅብረ ኮከብ ሲያነቡ የኖሩ አሉ። ርቀቱ 600 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፣ አንተ ጋ 18 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል።»

«እሺ፣ ምን ሌንስ ልግዛ?»

«ምንም አትግዛ። ያለችህን 50 ሚሊሜትር በኤፍ 2.8 አድርጋት፣ ትራይፖዱን ወደ ደቡብ አዙር፣ 10 ሰከንድ ክፈት፣ ደጋግም።»

«የቱ ጋ ነው ራሱ?»

«መስቀሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከግራ በታች።»

ዝም አለ። በሩ ሲከፈት፣ ውሻው ሲጮህ ሰማሁ።

«አንተ፣ እዚህ ጋማ ምንም የለም» አለኝ።

«እሱን አንሳው» አልኩት።